ዘበኛው ሲሳሳት

ዘበኛ የሚቆመው ወዳጅን ከጠላት ለይቶ እንዲያሳልፍ ነው። በር መዝጋትማ መቀርቀሪያም ይችላል፤ በሩ ለማን እንደሚከፈትና በማን ላይ እንደሚዘጋ ማወቅ ግን ማስተዋልን ይጠይቃል። ይህን ቃል ለተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ ተናግረነዋል። ትርጕሙ በእውነት የገባን ግን ፍርዱ በራሳችን ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚህ ቀጥለን የምንተርከው የአንዲት የስድስት ዓመት ሕፃን ሕመምና የእኛ የመምህሯ ስሕተት ነው። ሕመሙ ከዳነ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ስሕተቱ ግን እስከ ዛሬ ከእኛ ጋራ ስላለ፥ በማስተማርም ሆነ በአስተዳደር ሥራ ላይ ላሉት ባልንጀሮቻችን ማስጠንቀቂያ ቢሆን ብለን ብዕር አነሣን።

በ2005 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በምትገኝ በአንዲት ትንሽ ከተማ የአንደኛ ክፍል መምህር ነበርን። በክፍላችን 58 ሕፃናት ነበሩ። ከእነዚህም መካከል በመስኮቱ አጠገብ በሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፥ ፊደልን ከሁሉ ቀድማ ቈጥራ የጨረሰች አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ብቻቸውን ያሳድጓት ነበር። ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሰች ሰው ስለሆነች ስሟን አንጽፍም።

በኅዳር ወር መጨረሻ አንድ ሰኞ ቀን ልጂቱ በአፏ ዙሪያ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ወጥተውባት መጣች። በዚያው ሳምንት ውስጥ በክንዷና በአንገቷም ላይ ታዩ፤ እናቷ በኋላ እንደ ነገሩን ግን ከሁሉ የባሰው በታችኛው ሆዷና በጭኖቿ ላይ ነበር። እብጠቶቹ እንደ ሌላው ቁስል ተበትነው የወጡ አልነበሩም። የደረቀውን የፊተኛውን ቁስል በመካከል አድርገው፥ ክብ ሠርተው በመደርደራቸው፥ በክር የተሰካ ዶቃ ይመስሉ ነበር። ሌሊት ስለሚያሳክካት እንቅልፍ አታገኝም፤ ቀን በክፍል ውስጥ ታንጐላጃለች።

እኛም ፈራን። ፍርሃታችን ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ባለፈው ዓመት ጉድፍ ገብቶ የክፍሉን ልጆች እኩሌታ በየቤታቸው አስተኝቶብን ነበርና። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው ሆነ። ከእርሷ ጋራ በአንድ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ አባት መጥተው፥ «ልጄን ከዚያች ልጅ አጠገብ አንሡልኝ» አሉን። በማግስቱ ሁለት እናቶች እንዲሁ አሉ። ሐኪም አልጠየቅንም። የልጂቱንም እናት ጠርተን አላነጋገርንም። በዕረፍት ሰዓት ልጂቱን ወደ በሩ ጠራንና እስክትድን ድረስ በቤቷ እንድትቈይ ነገርናት።

«ነገስ ልምጣ?» ብላ ጠየቀችን።

«ስትድኚ ትመጫለሽ» አልናት።

ደብተሯን በጨርቅ ቦርሳዋ ከትታ ሄደች። በማግስቱ ስም ስንጠራ በስሟ አንጻር «ቀሪ» ብለን ጻፍን። እንዲህ እያልን 11 ሳምንት አለፈ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ በሰፈሩ ያልተባለ ነገር አልነበረም። አንዱ «ምች ነው» ሲል እናቷ ዳማከሴ ጨምቀው ቀቧት። ሌላው «አልማዝ ባለ ጭራ ነው» አለ። በጤና ጣቢያው የነበረው ሠራተኛ ተላላፊ የቆዳ ቁስል መስሎት የሚቀባና የሚዋጥ መድኃኒት ሰጣት። ይህ ግምት የሚያስነቅፈው አይደለም፤ በሕፃናት ላይ ውሃ የሚቋጥር ቁስል ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ከባክቴሪያ የሚመጣ ነውና። ነገር ግን አሮጌው ሲደርቅ አዲሱ በዙሪያው እየተደረደረ መውጣቱን አላቆመም።

በየካቲት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷ ልጂቱን በነጠላ ሸፍነው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። በእጃቸው ወደ አዲስ አበባ የተጻፈ የሕክምና ወረቀት ይዘዋል። ማንበብ ስለማይችሉ አብረናቸው እንድንሄድ ሊለምኑን ነበር የመጡት። ከዚያ በፊት ግን እንዲህ አሉን፦

«ጋሼ፥ ልጄ ምን አጥፍታ ነው? ማታ ማታ ትጠይቀኛለች፤ የምመልስላት አጣሁ።»

የምንመልሰው እኛም አጣን። በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃድ ወስደን አብረን ተሳፈርን። ይህን ያደረግነው ከደግነት የተነሣ ነው ብለን ልንመካበት አንችልም፤ ከኅሊናችን ወቀሳ ለማምለጥ ነበር።

በአዲስ አበባ ያገኘናቸው የቆዳ ሐኪም በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ከሁሉ አስቀድመው የልጂቱን እጅ በእጃቸው ያዙ። እኛ ሦስት ወር ያህል ያልነካነውን እጅ ይዘው፥ «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ብለው ጠየቋት። ልጂቱ አልመለሰችም። ቀና ብላ ወደ እኛ ተመለከተች። ሐኪሙም ነገሩ የገባቸው መሰሉና ዳግመኛ አልጠየቋትም።

ሰውነቷን በሙሉ ከመረመሩ በኋላ ከቆዳዋ ትንሽ ቁራጭ ወስደው አስመረመሩ፤ ደሟንም አስመረመሩ። በመጨረሻም የበሽታውን ስም ነገሩን፦ ሊኒየር አይጂኤ ይባላል። ከዚህ ቀደም በሕፃናት ላይ ሲታይ «የልጆች ሥር የሰደደ ውሃ ቋጣሪ በሽታ» ይባል ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአምስት ዓመት ዕድሜ በፊት ነው፤ እንደዚህች ልጅ ጥቂት ዘግይቶ የሚጀምርበትም ጊዜ አለ። የእብጠቶቹን አደራደር ሐኪሞች በመጻሕፍታቸው «የዕንቍ ስብስብ» ወይም «የሉል ድርድር» እያሉ ይጠሩታል። እኛ በክር የተሰካ ዶቃ ያልነውን ማለት ነው። የአገራችን ሰው ሌላውን ውሃ ቋጣሪ በሽታ «አልማዝ» ማለቱን ስናስብ፥ የሰው ልጅ የሚያስፈራውን ነገር በጌጥ ስም መጥራት በሁሉም አገር ያለ ልማድ መሆኑን ተረዳን።

«ይተላለፋልን?» ብለን ጠየቅን።

«አይተላለፍም» አሉ። «ከማንም አልያዛትም፤ ወደ ማንም አይሄድም። ጀርም የለበትም። የገዛ ሰውነቷ ዘበኛ ነው የተሳሳተው።»

የነገሩንንና ከዚያ በኋላ አንብበን የተረዳነውን እንደሚከተለው እናስረዳለን። ሰውነታችን ጀርም ሲገባበት የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላት የሚባሉ ዘቦች አሉት። ከእነዚህም አንዱ ወገን አይጂኤ ይባላል። የዚህ ዘብ ዋና ሥራ በአፍ፥ በአንጀትና በመተንፈሻ መንገድ በር ላይ መቆም ነው። በምራቅና በእንባ ውስጥ ይገኛል፤ እናትም በጡቷ ወተት ለልጇ ታካፍለዋለች። በዚህ በሽታ ጊዜ ግን ይኸው ዘብ በሩን ትቶ በቆዳ ውስጥ ይሰለፋል። የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ጋራ የሚያያይዘውን ስስ ሽፋን፥ በተለይም ኮላጅን 17 የሚባለውን ፕሮቲን፥ ጠላት መስሎት ይወጋዋል። ማያያዣው ሲጐዳ የላይኛው ቆዳ ይላቀቃል፤ በመካከሉም ውሃ ይሞላል። የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ውሃ ሲገባበት ምርጉ እንደሚነሣ ያለ ነው። ስሙ «ፀረ እንግዳ» ሆኖ ሳለ ባለቤቱን መውጋቱ ያስደንቃል።

ይህን ስሕተት ሊቃውንት ራሳቸው ለማመን ጊዜ ወስዶባቸዋል። ታላቁ ጀርመናዊ ሊቅ ፓውል ኤርሊኽ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ሰውነት ራሱን ከመመረዝ የሚጠበቅበት ሥርዐት እንዳለው አስተምሮ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ይህን ቃል «ሰውነት ራሱን ሊወጋ ከቶ አይችልም» ብለው ተረጐሙት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 አሜሪካ ውስጥ ኧርነስት ቦይትነርና ሮበርት ጆርደን የተባሉ ተመራማሪዎች፥ ፔምፊገስ በሚባለው ከባድ ውሃ ቋጣሪ በሽታ የተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ በገዛ ቆዳ ላይ የተነሡ ፀረ እንግዳ አካላት መኖራቸውን አሳዩ። በ1979 ደግሞ በዋርሶ የነበሩት ሐኪሞች ታዴዎሽ ሖዠልስኪና ስቴፋኒያ ያብሎንስካ ሊኒየር አይጂኤ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን ለይተው አስታወቁ። በልዩ ብርሃን በሚሠራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ፥ የተሰለፈው አይጂኤ በሁለቱ የቆዳ ንጣፎች መካከል እንደ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ያበራል። የበሽታው ስም የመጣው ከዚሁ መስመር ነው። መሣሪያው በየሆስፒታሉ የሚገኝ ባለመሆኑ የእኛ ሐኪም የፈረዱት በእብጠቱ መልክ፥ በቆዳው ቁራጭና ልጂቱ ለመድኃኒቱ በሰጠችው መልስ ነበር።

ዘበኛው የሚሳሳትበት ምክንያት በሕፃናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተለይቶ አይገኝም። እናቷ ይህን ሲሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ፥ «በእኔ ጥፋት ይሆን? በእርግዝናዬ ጊዜ ብዙ እሳት ላይ እቀመጥ ነበር» አሉ። ሐኪሙ ወንበራቸውን ወደ እርሳቸው አስጠጉና፥ «ከምጣድዎም ከእርስዎም አይደለም» አሏቸው። እናቲቱ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። ለካ እርሳቸውም 11 ሳምንት ሙሉ በራሳቸው ላይ ሲፈርዱ ኖረዋል።

የታዘዘላት መድኃኒት ዳፕሶን ይባላል። የዚህ መድኃኒት ታሪክ ልዩ ነው። ኤሚል ፍሮምና ያኮብ ቪትማን የተባሉ ኬሚስቶች በ1908 ጀርመን አገር ከሠሩት በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ለሕክምና ሳይውል ተቀምጧል። በ1940ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ዋለና የብዙ ሺህ ሰዎችን ኑሮ ለወጠ። በአገራችንም በ1958 ዓ.ም. በዘነበ ወርቅ የተቋቋመው አለርት የሚታወቀው በሥጋ ደዌ ሕክምናው ነው። ከጊዜ በኋላ ይኸው ዳፕሶን አንዳንድ ውሃ ቋጣሪ በሽታዎችንም እንደሚያበርድ ታወቀ። ጀርም የሌለበትን በሽታ የሚያስታግሠው፥ እብጠቱን የሚያስነሡትን የነጭ ደም ሕዋሳት ስለሚያረጋጋ ነው። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ ቀይ ደምን ሊያፈርስ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረም በኋላ ደም መመርመር ይገባል። በተለይም ጂ ስድስት ፒዲ የሚባለው ኤንዛይም በተፈጥሮ ለጐደላቸው ልጆች አደገኛ ነው። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አይደለም።

መድኃኒቱን በጀመረች በአራተኛው ቀን ማሳከኩ በረደ። በሁለተኛው ሳምንት አዲስ እብጠት መውጣቱ ቆመ። እኛም ነገሩ ተፈጸመ ብለን ደስ አለን። የበለጠው ፈተና ግን ገና ነበር።

እናቷ አንድ ቀን የመድኃኒቱን ዕቃ ይዘው በከተማው ወዳለ መድኃኒት መሸጫ ይሄዳሉ። በዚያ የነበረ ሰው ዕቃውን አገላብጦ አይቶ፥ «ይህማ የሥጋ ደዌ መድኃኒት ነው» ይላቸዋል። ይህ ቃል ከመሸጫው ወደ ገበያ፥ ከገበያ ወደ ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። እንጀራቸውን የሚገዛ ጠፋ። እናቲቱም ሐኪሙ የነገሯቸውን ሁሉ ዘንግተው ክኒኑን በዕቃ ሳጥን ሥር ደበቁት። ዐሥር ቀን ሳይሞላ ዶቃው ተመልሶ ወጣ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ ግን የተደበቀው ራሱ መድኃኒቱ ነበር። ያስደበቃቸውም የእኛ የሁላችን ፍርሃት ነው።

በዚህ ጊዜ ዝም ማለት የማይቻል ሆነ። ወደ ቤታቸው ሄደን ለምነን መድኃኒቱን አስጀመርናት። ከዚያም ርእሰ መምህሩን አስፈቅደን የተማሪ ወላጆችን ሰበሰብን። የተማርነውን እንደ ተማርነው አስረዳን፤ በመጨረሻም ድምፃችንን ከፍ አድርገን፥ «እንግዲህ ሥጋ ደዌ አይደለም፤ አትፍሩ!» አልን። ብዙዎች ራሳቸውን በመነቅነቅ ተቀበሉን። ከኋላ ወንበር ግን ጣቶቻቸው ያጠሩ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። የልጅ ልጃቸው የእኛው ተማሪ ነበር።

«መምህር» አሉ፤ «ሥጋ ደዌ ቢሆንስ ኖሮ? ልትመልሷት አልነበረም?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኛም አንገታችንን ደፋን። አንዲቱን ሕፃን ለማዳን ብለን ሌሎቹን ከበር ውጭ ትተን ነበርና። ከጥቂት ዝምታ በኋላ፥ ሥጋ ደዌም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1981 ወዲህ በተባበሩ መድኃኒቶች ፈጽሞ እንደሚድን፥ ሕክምናውን የጀመረ ሰውም ብዙ ሳይቈይ ማስተላለፉን እንደሚያቆም አስረዳን። ሽማግሌውንም ይቅርታ ጠየቅን። ከዚያም የልጂቱን እናት በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅን። የልጂቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ወደ ክፍል መሄድ ነበረብን።

በማግስቱ በመስኮቱ አጠገብ ወደ ነበረው ቦታዋ እጇን ይዘን አስቀመጥናት። ለሕፃናቱም የዘበኛውን ታሪክ ነገርናቸው፦ አንድ ዘበኛ ነበረ፤ ባለቤቲቱ ከገበያ ስትመለስ ሌባ መስላው በሩን ዘጋባት ብለን። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፥ «ከዚያስ ዘበኛው ተባረረ?» ሲል ጠየቀ። «አልተባረረም፤ ዐይኑን እንዲገልጥ ተመከረ» አልነው። ልጂቱ ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ያየናት ያን ቀን ነው።

ከዚህ ታሪክ መምህራንና ባለሥልጣኖች የሚማሩት አለ ብለን እናምናለን። ተላላፊ በሽታ በትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይስፋፋ መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ ጉድፍን የመሰለ በሽታ ሲመጣ ልጅን ለጥቂት ቀን በቤቱ ማቈየት ተገቢ ነው። ነገር ግን ውሃ የቋጠረ ሁሉ ተላላፊ አይደለም። ቁስሉ ክብ እየሠራ ሲደረደር፥ በተለመደው መድኃኒት አልድን ሲል፥ በቤት ውስጥም ሌላ ሰው ሳይዘው ሳምንታት ሲያልፉ፥ ልጁን ወደ ቆዳ ሐኪም ማድረስ ይገባል። በተለይም አፍን ወይም ዐይንን ሲነካ መቸኰል ያስፈልጋል፤ የዐይን ቁስል ጠባሳ ሊተው ይችላልና። መምህሩ እብጠቱ እንዳይፈርጥና እንዳይቈሽሽ ሊጠነቀቅለት፥ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲወስድ ሊረዳው፥ ከጨዋታ እንዳይለይ ሊጠብቀው ይችላል። ልጅን ከክፍል ለማስወጣት ግን የሐኪም ቃል ያስፈልጋል፤ የጎረቤት ወሬ አይበቃም።

ይህ በሽታ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ ብዙውን ጊዜም ወደ ጕርምስና ሳይደርሱ፥ በራሱ ይለቃል። ልጂቱም በ2009 ዓ.ም. በዐሥር ዓመቷ መድኃኒቱን በሐኪም ፈቃድ አቆመች፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰባትም። በቆዳዋ ላይ የቀረው ጥቂት የጠቈረ ምልክት ነበር፤ እርሱም ቀስ በቀስ ጠፋ። ትምህርቷን በመልካም ውጤት ፈጽማለች።

የማይጠፋው ምልክት በትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት ውስጥ ይገኛል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ስንሄድ የ2005 ዓ.ም. የስም መጥሪያ መዝገብ አገኘንና ገለጥነው። በስሟ አንጻር በእኛው እጅ ጽሕፈት «ቀሪ» የሚል ቃል 55 ጊዜ ተጽፏል። እርሷ ግን አልቀረችም ነበር፤ ያስቀረናት እኛ ነን።